«ስፔስ ሚሽን» እና የቢቸናው ወፍጮ ቤት

ውጤቱ ዘጠና ላይ ነበር። ኳሷ አንዱን ጎማ ገጨች፣ ደወሉ ቀጭን ድምፅ ሰጠ፣ አስር ተጨመረ። መቶ መሆን ነበረበት። ግን የአስር ቤቱ ቁጥር ከዘጠኝ ወደ ዜሮ ሲዞር የመቶ ቤቱ ንቅንቅ አላለም። ዘጠና የነበረው ነጥቤ ተመልሶ ዜሮ ሆነ።

«አየህ?» አለኝ የቤቱ ባለቤት። «ከገዛሁት ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ነጥብ ይበላል።»

ቺካጎ አጠገብ፣ የአንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነን። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ ለውጭ ድርጅት ሶፍትዌር እጽፋለሁ። ዓመቱን ሙሉ በስክሪን ብቻ የማውቃቸውን ሰዎች በአካል ላገኛቸው ለአንድ ሳምንት ሄጄ ነበር። ባልደረባዬ እራት ጋብዞኝ ሲያበቃ «ና አንድ ነገር ላሳይህ» ብሎ ወደ ታች ወሰደኝ። በአራት እግሮች የቆመ፣ ላዩ በመስታወት የተከደነ ማሽን አለ። ከኋላው በቆመው ሳጥን ላይ ሁለት የጠፈር መንኩራኩሮች ሊገጣጠሙ ሲቀራረቡ የሚያሳይ ሥዕል ከውስጥ በአምፖል በርቷል። ስሙ «ስፔስ ሚሽን» ነው። ዊልያምስ የተባለው የቺካጎ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ፒንቦል።

ፒንቦል ምንድን ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ሳታውቁት ታውቁታላችሁ። ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ «ስፔስ ካዴት» የሚባል ጌም ነበር። ኳሷን በሞላ ታስፈነጥራላችሁ፣ ሽቅብ ትወጣለች፣ ከዚህ ከዚያ እየተላተመች ትወርዳለች፣ ታች ያሉት ሁለት አጫጭር ክንዶች መልሰው ይመቷታል። በግራ በኩል ዜድ፣ በቀኝ በኩል ስላሽ። አስታወሳችሁ?

እኔ ያደግሁት ሞጣ ነው። ኮምፒውተር መጀመሪያ የነካሁት እዚያው፣ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ውስጥ ነው። ወርድና ኤክሴል ሊያስተምሩን ነበር የከፈልነው። አስተማሪው ወጣ ሲል ግን ክፍሉ ሁሉ «ስፔስ ካዴት» ይከፍታል። አንድ ኮምፒውተር ለሦስት ስለነበርን ኳስ በወደቀ ቁጥር ወንበር እንቀያየራለን። አንዱ ዜድን፣ ሌላው ስላሽን ይዞ ሁለት ሆነን የምንጫወትበት ጊዜም ነበር። ማዕረጋችን ከካዴት እየጀመረ ያድጋል። ይኼ ጌም የአንድ እውነተኛ ዕቃ ምስል መሆኑን፣ እንጨትና ብረት የሆነ፣ ሰው በሁለት እጁ የሚይዘው ማሽን ዓለም ላይ እንዳለ ያኔ ማናችንም አናውቅም። ከኮምፒውተሩ ውስጥ የበቀለ ነበር የሚመስለን።

ለዚህ ነው ምድር ቤቱ ውስጥ ቆሜ እጄን ከጎንና ጎኑ ቁልፎች ላይ ሳሳርፍ የደነገጥኩት። ማሽኑ ይንቀጠቀጣል። ክንዱ ሲመታ እስከ ክርን ድረስ ይሰማል። ሜዳው መሀል ላይ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ ኢላማ አለች፣ ልትመታት ስትል ሄዳለች።

«ከፍተን እንየው?» አልኩት።

*

ውስጡን ሳይ መጀመሪያ ያሰብኩት «ኮምፒውተሩ የት ነው?» የሚል ነው። የለም። አንድም ቺፕ የለም። ያለው ሽቦ ነው፤ በቀለም በቀለም ተለይቶ በክር የታሰረ የሽቦ ጥቅል። ከሽቦው ጋር በረድፍ የተደረደሩ ሪሌዎች፣ አንድ ቀስ ብሎ የሚዞር ሞተር፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ተሽከርካሪዎች።

ሪሌ በኤሌክትሪክ የሚሳብ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ጥቅል ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ጥቅሉ ማግኔት ይሆናል፣ አንዲት ብረት ይስባል፣ ብረቷ ደግሞ ሌሎች መስመሮችን ታገናኛለች ወይም ታለያያለች። በቃ፣ ይኼው ነው። ግን ከዚህ ብቻ ብዙ ነገር ይሠራል። ሪሌው ከሚያገናኛቸው መስመሮች አንዱ ለራሱ የሚመጣው ከሆነ፣ ኳሷ ከሄደች በኋላም እንደተሳበ ይቆያል። የሆነውን ነገር አስታወሰ ማለት ነው። ሁለት ሪሌ ተከታትለው ካልተሳቡ የማይበራ መብራት ካለ ደግሞ «ይኼም ያም ከሆነ» የሚል ሕግ ተጻፈ ማለት ነው። እኔ ኮድ ላይ በአንድ መስመር የምጽፈው ነገር እዚህ አንድ ሽቦ ነው፣ ከዚህ ተነስቶ እዚያ የሚደርስ፣ በጣት የሚነካ።

ነጥብ አቆጣጠሩም እንደዚያው። ሃምሳ ነጥብ የምትሰጥ ቦታ ስትመታ ሞተሩ ዞር ይልና በጥርሱ አምስት ጊዜ ይነካል፤ የአስር ቤቱ ተሽከርካሪ አምስት ጊዜ ይራመዳል። አሮጌውን የመብራት ቆጣሪ አስቡት፤ አንዱ ቁጥር ዙሩን ሲጨርስ የጎኑን አንድ ይገፋዋል። እዚህም ተሽከርካሪው ዘጠኝ ላይ ሲቆም ሁለት ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ይነካካሉ። ቀጥሎ አስር ሲመጣ ኤሌክትሪኩ በእነሱ በኩል አልፎ የመቶ ቤቱንም ያራምዳል። አንደኛ ደረጃ ላይ «አንድ ይዘን» እያልን የደመርነው ማለት ነው።

እና ያ «አንድ ይዘን» ነው የጠፋው። ችግሩ ገብቶኛል። ሶፍትዌር ቢሆን የት እንደምፈልግ አውቃለሁ። እዚህ ግን ካቻቢቴ ይዤ ቆሜ በስንት መቶ ሽቦ ፊት ምን ልበላችሁ፣ እጄ አልንቀሳቀስ አለ።

ሰው ትዝ አለኝ። ቢቸና ያለው አጎቴ።

*

እናቴ የቢቸና ልጅ ናት። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ከሞጣ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ቢቸና እላካለሁ፣ እሳቸው ዘንድ። ጋሼ ነው የምላቸው። ወፍጮ ቤት አላቸው፤ የራሳቸውን ብቻ ሳይሆን የአካባቢውን ወፍጮ ሁሉ የሚጠግኑትም እሳቸው ናቸው። ራዲዮም ይጠግኑ ነበር። አሁን ራዲዮ የሚያመጣ የለም። ስልክ ያመጡላቸዋል፣ ከፍተው ያዩታል፣ ይዘጉትና «ይኼ የሰው እጅ አይገባበትም» ብለው ይመልሱታል።

ልጅ ሆኜ የሞተር ማስነሻውን ሳጥን ከፍተው ያሳዩኝ ነበር። አረንጓዴውን ቁልፍ ተጭነህ ጣትህን ስታነሳ ሞተሩ ለምን አይጠፋም? ኮንታክተሩ አንዴ ከተሳበ ራሱን በራሱ ስለሚይዝ። መብራት ሄዶ ሲመጣስ ሞተሩ ለምን በራሱ አይነሳም? ኮንታክተሩ ስለለቀቀ፤ ሰው እጁን ወፍጮው ውስጥ ከትቶ ሊሆን ስለሚችል። ኮንታክተር ማለት ትልቅ ሪሌ ነው። እንግዲህ ማስታወስ የሚባለውን ነገር ከባሕር ዳር የምህንድስና ክፍል በፊት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ጤፍ እየተፈጨ።

ከተነጋገርን ግን ቆይተን ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ቺካጎ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ቢቸና ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ነው። ለኪዳን እንደሚነሡ አውቃለሁ። በቪዲዮ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው በዚህ ሰዓት? ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። አንድ ማሽን ላሳይዎት ብዬ ነው።»

ካሜራውን አዞርኩት። ዝም አሉ። ዝምታው ሲረዝም መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ይኼ ሁሉ ኮንታክተር ነው?»

«ትናንሽ ኮንታክተር ነው።»

«ምን ይፈጫል?»

«አይፈጭም። ጨዋታ ነው። ነጥብ ይቆጥራል።»

«ለነጥብ ነው ይኼ ሁሉ?» ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቁመው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። «ምን ሆነ ነው የምትለው?»

ነገርኳቸው። የአስሩ ቤት ይዞራል ወይ ብለው ጠየቁ። ይዞራል። የመቶው ቤት ብቻውን ሲታዘዝ ይዞራል ወይ? አዎ፣ መቶ ነጥብ የሚሰጠው ቦታ ሲመታ ይዞራል።

«እንግዲያማ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። የታመመው መሀላቸው ያለው ነው። ዘጠኝ ላይ ሲደርስ የሚነካ ነገር ፈልግ። መጀመሪያ ግን ሶኬቱን ንቀል።»

ነቀልኩ። ሁለቱ የብረት ቅጠሎች ጫፍ ላይ ያሉት ነጥቦች ጠቁረዋል። የሃምሳ ዓመት አቧራና ጭስ ነው። የብርጭቆ ወረቀት ልፈልግ ስል ጮኹብኝ፤ «እንዳትፍቀው! ይላጣል። ጠንከር ያለ ንጹሕ ወረቀት መሀላቸው አግባ፣ ቀስ ብለህ ጫን በልባቸውና ወረቀቱን ሳብ።» ባልደረባዬ ከቦርሳው የስም ካርድ ሰጠኝ። ሳብኩት፤ ወረቀቱ ላይ ጥቁር መስመር ቀረ። ንጹሕ እስኪወጣ ደጋግሜ ሳብኩ።

ሶኬቱን ሰካን። ሰማንያ። ዘጠና። ኳሷ ጎማውን ገጨች፣ ሁለቱም ተሽከርካሪዎች እኩል ቀጭ አሉ። መቶ።

«ሰውየው የፒንቦል ባለሙያ ናቸው?» አለኝ ባልደረባዬ።

«አይ፣ ወፍጮ ነው የሚጠግኑት።»

*

ሆቴሌ ስመለስ እንቅልፍ አልወስድ አለኝና ስለ ማሽኑ ማንበብ ጀመርኩ።

ሥዕሉ ላይ ያሉት ሁለቱ መንኩራኩሮች እውነተኛ ናቸው፤ የአሜሪካው አፖሎና የሶቪየቱ ሶዩዝ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1975፣ በእኛ ሐምሌ 10 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ምድርን እየዞሩ ተገጣጠሙ፤ ቶማስ ስታፎርድና አሌክሴ ሊዮኖቭ በሩን ከፍተው ተጨባበጡ። ዊልያምስ በዓመቱ ያንን ጭብጥ የእንጨት ሳጥን ላይ አድርጎ 11,652 ማሽን ሠራ። ለዘመኑ ብዙ ነው። ጠፈር ለፒንቦል ሠሪዎች አዲስ ነገር አልነበረም፤ ስፑትኒክ በ1957 ከወጣች በኋላ በነጋታው ዓመት «ሳተላይት» የሚል ማሽን ወጣ፣ በ1967 «አፖሎ»፣ በ1974 «ስካይላብ»። ሰማይ ላይ የሆነው ነገር ሁሉ ትንሽ ቆይቶ ቡና ቤት ውስጥ ሳንቲም ይሰበስባል።

የ«ስፔስ ሚሽን» ንድፍ አውጪ ስቲቭ ኮርዴክ ይባላል። ታሪኩ ደስ ይላል። በ1937 ሥራ የሌለው ወጣት ሆኖ ቺካጎ ውስጥ ሲሄድ ዝናብ ያዘው። ለመጠለል የገባበት በር ጄንኮ የሚባል የፒንቦል ፋብሪካ ሆነ። ሥራ ትፈልጋለህ ወይ አሉት፤ ሽቦ በመበየድ ጀመረ። በ1948 «ትሪፕል አክሽን» የሚባለውን ማሽን ሲነድፍ ሁለቱን ክንዶች ከታች፣ ኳሷ ልትወድቅ ከምትልበት ቀዳዳ ግራና ቀኝ አስቀመጣቸው። ከዚያ በፊት የነበረው «ሀምፕቲ ደምፕቲ» ስድስት ክንዶች በየጎኑ ነበሩት። እኛ ሞጣ ላይ በዜድና በስላሽ የያዝናቸው ሁለቱ ክንዶች ቦታቸውን ያገኙት በዚህ ሰው እጅ ነው። ኮርዴክ መቶ ዓመት ኖሮ በ2012 አረፈ። ማሽን መንደፍ የቻለው መጀመሪያ ሽቦ ስለበየደ ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ይኼ ጨዋታ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የተከለከለ ነበር። የኒውዮርኩ ከንቲባ ፊዮሬሎ ላጓርድያ በ1942 ፒንቦል ቁማር ነው፣ የተማሪውን ሳንቲም ይነጥቃል ብሎ ከለከለው። ማሽኖቹ በመዶሻ ሲሰባበሩ ፎቶ ተነሣ። እገዳው የቆየው እስከ 1976 ድረስ ነው፤ «ስፔስ ሚሽን» እስከወጣበት ዓመት። በዚያ ዓመት ሮጀር ሻርፕ የሚባል ወጣት ጸሐፊ በከተማው ምክር ቤት አባላት ፊት አንድ ማሽን ላይ ቆመ። ይኼ ዕድል ሳይሆን ችሎታ ነው ብሎ፣ ኳሷን ሳይለቅ በፊት የት እንደምትገባ ተናገረ። በመሀለኛው መንገድ አለ። ለቀቃት፣ በመሀለኛው ገባች። እገዳው ተነሣ።

ይኼን ሳነብ ጆተኒ ትዝ አለኝ። እኛ የነበረን ጆተኒ ነው። ሞጣ ውስጥ ከትምህርት ቤት ስንወጣ በየሰፈሩ፣ በየሸራው ሥር ነበር፤ አንዱን ጨዋታ በሃምሳ ሳንቲም። የጆተኒ ቤት ልጅ ማለት ቦዘኔ ማለት ነው። አባቴ ዘንግ ይዤ ቢያገኘኝ ምን እንደሚከተል እናንተም ታውቃላችሁ። ለትምህርት ቤት ቀርቧል ተብሎ የተዘጋ ቤትም አስታውሳለሁ፤ ከሳምንት በኋላ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ተከፈተ።

የተዘጋው እንዲህ በቀላሉ የሚከፈተው ለምንድን ነው? ጆተኒ መብራት አይፈልግም። ዘንጉ ሲጣመም ብየዳ ቤት ይሄዳል። ተጫዋቹ አንገቱ ሲሰበር አናጺው በእንጨት ይተካዋል። ሲከብድ ዘይት ጠብ ይደረግበታል። የሚያስፈልገው ሰውና ዕቃ ሁሉ ሞጣ ውስጥ አለ። ለዚህ ይመስለኛል ጆተኒ ገጠር ከተማ ድረስ ገብቶ የኖረው። ማሽን የሚኖረው የሚጠግነው ሰው ባለበት ነው። «ስፔስ ሚሽን»ን በ1968 ዓ.ም. በመኪና ጭኖ ሞጣ ማድረስ ይቻል ይሆናል። የተቃጠለ ጥቅል የሚተካ ሰው ከሌለ ግን ከሁለት ወር በኋላ ሥዕል ያለበት ቁም ሣጥን ነው።

*

በነጋታው ጋሼ ራሳቸው ደወሉ። ሥዕሉን ድጋሚ አሳየኝ አሉ። አሳየኋቸው፣ የተጨባበጡትን ሰዎች ታሪክም ነገርኳቸው።

«በእኛ ልጅነት ከሰማይ የሚመጣ ነገር ደግ አልነበረም» አሉ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። በ1960 ዓ.ም.፣ አሜሪካኖቹ ወደ ጨረቃ ሊሄዱ ሲሰናዱ፣ መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አውጥቶ ነበር። የጎጃም ገበሬ አልተቀበለውም። ሞጣና ቢቸና የአመፁ ዋና ቦታዎች ነበሩ። ገማቾቹ ተባረሩ፣ ጦር መጣ፣ አውሮፕላንም መጣ። ጋሼ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ናቸው። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ወደኋላ አሉ፤ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ የተጠራቀመው የግብር ዕዳም ተሰረዘ።

ገበሬውን ያስቆጣው የገንዘቡ መጠን ብቻ አልነበረም። ዛሬ ሰብሉን የገመተ ነገ መሬቱን ይለካል፣ ከዚያ ርስቱ ይሄዳል የሚል ፍርሃት ነበር። የሚቆጥርህ ሰው መጥቷል፤ አቆጣጠሩን ግን አንተ ከፍተህ ማየት አትችልም። ይኼን ታሪክ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንብቤው ነበር፣ የዚያን ቀን ግን ከጋሼ አፍ ስሰማው ሌላ ነገር አስታወሰኝ። እኔም እሳቸውን ከፍተው ሊያዩት በማይችሉት ነገር ቆጥሬባቸው ነበር።

*

«ስፔስ ሚሽን» ከሪሌዎቹ ዘመን መጨረሻ ማሽኖች አንዱ ነው። ከ1977 ጀምሮ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ወደ ማይክሮፕሮሰሰር ዞሩ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ያ ሁሉ ሽቦ በአንድ ሰሌዳ ተተካ። እውነቱን ለመናገር አዲሶቹ ይሻሉ ነበር። ነጥቡ እስከ ሚሊዮን ሄደ፣ ጨዋታው ውስብስብ ሆነ፣ ማሽኑ መናገር ሁሉ ቻለ። እኔም እንጀራዬን የምበላው ከዚያ ለውጥ ነው፤ ልረግመው አልችልም። ግን አንድ ነገር ተቀየረ። በሪሌው ማሽን ሕጉ ሽቦው ነው፤ ሽቦውን የተከተለ ሁሉ ሕጉን ያነብባል። በአዲሱ ሕጉ ቺፕ ውስጥ ገባ፤ ክዳኑን የከፈተ ሰው የሚያየው ጥቁር አራት ማዕዘን ነው።

የ«ስፔስ ካዴት» መጨረሻ ደግሞ ሌላው ጉድ ነው። ጌሙን በ1995 የሠራው ሲኒማትሮኒክስ የሚባል ትንሽ ድርጅት ነው፤ ማይክሮሶፍት ወስዶ ከዊንዶውስ ጋር አከፋፈለው። በኋላ ከቪስታ ጀምሮ ጠፋ። ለምን እንደጠፋ የማይክሮሶፍቱ ኢንጂነር ሬይመንድ ቼን ጽፎታል። ጌሙን ለ64 ቢት ሲያዘጋጁት ኳሷ ማስፈንጠሪያው ላይ መቀመጥ እምቢ አለች፤ ሞላውን በስታ አልፋ ቀስ እያለች ከሜዳው ታች ትወጣለች። ግጭቱን የሚያሰላው ክፍል ላይ ችግር አለ። ኮዱን ግን እነሱ አልጻፉትም፣ ማብራሪያም የለውም ማለት ይቻላል። ሁለት ሰው ተቀምጦ ፈለገ። ስህተቱን ማግኘት ቀርቶ ግጭቱ የሚሰላበትን ቦታ እንኳ አላገኙትም። ጊዜ አልነበራቸውም፤ ተዉት።

እስቲ አስቡት። የቢቸና ወፍጮ ጠጋኝ አይቶት የማያውቀውን የ1976 ማሽን በስልክ ስክሪን አይቶ በሩብ ሰዓት በአንድ ካርድ አስጠገነ። በዓለም ትልቁ የሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ ያሉ ጎበዝ ኢንጂነሮች ደግሞ የአሥር ዓመት ዕድሜ እንኳ ባልሞላው ኮድ ውስጥ ጠፉ። ጋሼ ከእነሱ ስለሚበልጡ አይደለም። የ«ስፔስ ሚሽን» ሠሪዎች መንገዱን ክፍት ትተውላቸው ነው። ከማሽኑ ጋር አንድ ትልቅ ወረቀት ይመጣ ነበር፤ እያንዳንዱ ሪሌ በስሙ፣ እያንዳንዱ ሽቦ በቀለሙ የተጻፈበት። ባልደረባዬ ሳጥኑ ውስጥ ታጥፎ አገኘው፤ ጠርዙ ቢበላም ይነበባል።

*

አሁን ወደ ጥፋቴ።

ከአምስት ዓመት በፊት ለጋሼ አንድ የስልክ አፕ ሠራሁላቸው። ማን ስንት ኪሎ አመጣ፣ ማን ከፈለ፣ ማን በዱቤ ወሰደ። ደብተሩን ተዉት አልኳቸው፣ ኮራሁ። ሁለት ዓመት ሠራ። አንድ ቀን ስልካቸው ራሱን አደሰና አፑ አልከፈት አለ። ደወሉልኝ። «ቅዳሜ አየዋለሁ» አልኩ። ቅዳሜ ሥራ ነበረብኝ። ቀጣዩም ቅዳሜ አለፈ። ከዚያ የክልሉ ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ለወራት። ሲመለስ ሁለታችንም ነገሩን አላነሣነውም።

የዱቤው ሒሳብ እዚያ ውስጥ ነበር። ጋሼ ምን እንዳደረጉ የነገረችኝ እናቴ ናት። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመው የሚመጣውን ሁሉ «ስንት እንዳለብህ ታስታውሳለህ?» እያሉ ጠየቁ። አብዛኛው ሰው እውነቱን ተናገረ። ግን አንድ ትልቅ ሰው ጎረቤቱን «ስንት ነው ያለብህ» ብሎ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከፍላ የጨረሰች አንዲት ሴት የተጠረጠረች መስሏት አልቅሳ ሄደች አለችኝ። ጋሼ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ደብተራቸው ተመለሱ። ለኔ ግን አንድም ቃል አልተናገሩኝም።

አፑ ውስጥ የነበረው ስህተት ትንሽ ነበር፤ ባየው ኖሮ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ችግሩ እሱን የሚያየው ሰው ዓለም ላይ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፣ እኔ። ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን የተበላሸ ነገር ከፍተው ያዩ ሰው ናቸው። እኔ የሰጠኋቸው ክዳን የሌለው ሣጥን ነበር።

ከቺካጎ ከተመለስኩ በኋላ እንደ አዲስ ሠራሁት። ብዙ አይደለም። ሒሳቡ አሁን የሚቀመጠው ማንኛውም ስልክ ሊከፍተው በሚችል ተራ ጽሑፍ ነው፤ በሰውየው ስም፣ በኪሎ፣ በብር። አፑ ቢሞት ጽሑፉ አይሞትም። በየምሽቱ ወደ ደብተር የሚገለበጥ አጭር ዝርዝር ያወጣል፤ ደብተሩ አልተባረረም። ኮዱ ውስጥ ያሉት ማብራሪያዎች በአማርኛ ናቸው፤ ነገ ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ ኮድ የጀመረ አንድ ልጅ ቢከፍተው እንዲያነበው። ሳልዋሽ፣ የአማርኛው ማብራሪያ ኮዱን ከመጻፍ ይበልጥ ጊዜ ወሰደብኝ። ምን እየሠራሁ እንደሆነ በቋንቋዬ ስጽፍ ራሴም ያልገባኝ ቦታ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ገጽ በእጄ ጻፍኩ። ሒሳቡ የት እንዳለ፣ አፑ እምቢ ቢል መጀመሪያ ምን መታየት እንዳለበት፣ ቀጥሎ ምን። «የታመመው መሀላቸው ያለው ነው» የሚለውን የሳቸውን ዘዴ ተከትዬ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው። ፎቶ አንስቼ ላክሁት። አሳትመው የሞተር ማስነሻው ሳጥን በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ የሽቦው ሥዕል ካለበት አጠገብ ለጠፉት።

ማታ ደወሉልኝ።

«አነበብኩት» አሉ። «ሦስተኛው መስመር አልገባኝም። እንደገና ጻፈው።»

እንደገና ጻፍኩት።